ዘይላ ለምን ሞተች? ጅቡቲስ ለምን ተወለደች?

  የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ፀሐዩ ሲበርድ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በሰፈራችን ወጣቶች አፍ ላይ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። "እኛ እዚህ መንገደኞች ነን፤ ከተማዋ የሌላ ሰው ናት" ይላሉ። አባባሏ ስትሰማ ትሕትና ትመስላለች። ውስጧ ግን ተስፋ መቁረጥ አለ። ራሱን መንገደኛ ብሎ የሰየመ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት አይቸኩልም፤ የጎረቤቱን ቋንቋ አይማርም፤ የወረቀቱ ቀን ሲያልፍ ግድ አይሰጠውም። ዛሬ ነገ እሄዳለሁ ሲል ዐሥር ዓመት ያልፈዋል።

ለዚህ አባባል ምክር ልሰጥ አስቤ ተውኩት። ምክር ሁላችንም ጠግበናል። በምትኩ የአንዲት ከተማ ታሪክ ልንገራችሁ። ከኛ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። በአንድ ወቅት ስሟ ካይሮና ደማስቆ ድረስ ይጠራ ነበር። ዛሬ አሸዋና ፍርስራሽ የበዛባት ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ዘይላ ነው። ጅቡቲ ለምን እዚህ ቦታ እንደተቆረቆረች ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዘይላ መጀመር አለበት።

የት ናት?

ከጅቡቲ ከተማ ተነስታችሁ የባሕሩን ዳር ይዛችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትሄዱ ሎያዳ የሚባለውን የድንበር ኬላ ታገኛላችሁ። ከሎያዳ ወዲያ ሶማሌላንድ የሚያስተዳድረው ምድር ነው። ባሕሩን ሳትለቁ ብትቀጥሉ ዘይላ ትደርሳላችሁ። ቦታው ዝቅ ያለ ነው፤ ከፊት ባሕር፣ ከኋላ ጨዋማ ሜዳ። ከፊቷ ባሕሩ ላይ ትንንሽ ደሴቶች አሉ፤ ሰዓድ አድ-ዲን ይባላሉ። ይህን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዘይላ የሚታረስ መሬት የላትም። የሚጠጣውም ውኃ ከከተማው ውጭ ካለ ጉድጓድ በእንስሳ ተጭኖ ይመጣላት ነበር። ታዲያ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከተማ የሚቆረቁረው ለምንድን ነው? በመንገዱ ምክንያት ነው። ከሐረርና ከሸዋ ደጋ የሚወርደው ቅፍለት ከባሕር የሚገናኘው እዚያ ነበር። ከኤደን የሚነሳ ጀልባም ነፋስ ከቀናው በጥቂት ቀን ይደርስባታል። ዘይላ ከመሬቷ ያገኘችው ነገር አልነበረም፤ የኖረችው በሚመጣና በሚሄድ ሰው ነው።

እንዴት ተነሳች?

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ አንድ የመርከበኞች መመሪያ አለ፤ ፔሪፕለስ ይባላል። የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በዚያ ውስጥ አቫሊቴስ የምትባል ወደብ አለች፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች ዘይላ ወይም የዘይላ አካባቢ ናት ይላሉ። ያን ጊዜ ትልቋ ወደብ የአክሱም በር የነበረችው አዱሊስ ናት። አክሱም ሲዳከምና አዱሊስ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከንግዱ ስትወጣ፣ ከደጋው ወደ ባሕር የሚወርደው ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ አዘነበለ። የአዱሊስ መውደቅ ለዘይላ መነሻ ሆነ ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ በሉ፤ ከሺህ ዓመት በኋላ በራሷ በዘይላ ላይ ይደርሳል።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዐረቡ ጸሐፊ አል-ያዕቁቢ ዘይላን በስሟ ይጠቅሳታል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኢብን ሐውቀል ወደ ሒጃዝና ወደ የመን የሚሻገር ሰው የሚነሳባት ወደብ መሆኗን ጽፏል። ከደጋው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቆዳና ሙጫ ይወርዳል። ከባሕሩ ጨርቅ፣ ብረት፣ ቴምርና ሩዝ ይወጣል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዘይላ ስም ከከተማዋ በለጠ። የካይሮና የደማስቆ ሰው ይፋትን፣ ደዋሮን፣ ባሌን፣ ሐዲያን ጨምሮ በዛሬዋ ኢትዮጵያ የነበሩትን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች በጅምላ "የዘይላ አገር" ይላቸው እንደነበር አል-ዑመሪ ጽፎልናል። እኛን ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ከየትም ክፍለ ሀገር ብንመጣ "ሐበሻ" ብለው በአንድ ስም እንደሚጠሩን ማለት ነው።

ከዚሁ ምድር ለትምህርት የሚወጣውም ሰው ብዙ ነበር። በካይሮው አል-አዝሃር የኛ አገር ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚማሩበት የራሳቸው ክፍል ነበራቸው፤ የጀበርቲዎች ሪዋቅ ይባላል። በ1360 ካይሮ ውስጥ ያረፉት ጀማል አድ-ዲን አዝ-ዘይለዒ በሐዲስ ትምህርት የጻፉት መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ ይማሩበታል። ስማቸው ውስጥ ያለው "ዘይለዒ" የዘይላ ሰው ማለት ነው። በሰው አገር እየኖሩ የመጡበትን ስም ይዘው ቀሩ፤ ያንን ስም ያስከበረው ሥራቸው ነው።

ኢብን ባቱታ ምን አየ?

በ1331 አካባቢ ሞሮኳዊው መንገደኛ ኢብን ባቱታ ከኤደን ተነስቶ ከአራት ቀን የባሕር ጉዞ በኋላ ዘይላ ደረሰ። ትልቅ ከተማና ትልቅ ገበያ አገኘ። ነገር ግን በዓለም ካያቸው ከተሞች ሁሉ የቆሸሸችና የምትሸት ብሎ ጻፋት። ምክንያቱንም ተናግሯል። ዓሣው ብዙ ነው፤ ግመል ደግሞ መንገድ ላይ ይታረዳል። ሽታውን ስላልቻለው ባሕሩ ቢናወጥም መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ዘይላን ይንቃታል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ያን ያህል ዓሣ የሚጠመድባትና ያን ያህል ግመል የሚታረድባት ከተማ ያን ያህል የሚበላ ሰው አላት ማለት ነው። መንገደኛው አንድ ሌሊት ለሽታው ሲል ከሩቅ አደረ። ገበያውን የሚያንቀሳቅሱት፣ ሸክም የሚያወርዱት፣ ዓሣውን የሚያጸዱት ግን እዚያው ሽታው ውስጥ ኖሩ። ታሪክ ጸሐፊ ስማቸውን አልያዘላቸውም። በየወደቡ ቀን የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ይህን እናንተ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ።

የማይሸፋፈነው ታሪክ

ስለ ዘይላ ክብር አውርቼ ይህን ብዘለው ውሸት ይሆንብኛል። ዘይላ ሰውም ይሸጥባት ነበር።

በ1503 ጣሊያናዊው ሉዶቪኮ ዲ ቫርቴማ ዘይላ ደርሶ ያየውን ጽፏል። ወርቅና የዝሆን ጥርስ በብዛት አየ። እጅግ ብዙ ባሮችም አየ፤ በጦርነት ተማርከው ከደጋው የክርስቲያን ንጉሥ ግዛት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከዘይላ ወደ ዐረብ አገር፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ ፋርስና ወደ ሕንድ ይወሰዱ ነበር። ይህ ንግድ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም በኩል እጅ የነበረበት ነው፤ በየዘመቻው ያልተማረከና ያልተሸጠ ወገን የለም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስም በዘይላና በታጁራ በኩል ቀጠለ።

ይህን የማነሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ዛሬም በዚሁ ባሕር ዳር በእግሩ የሚጓዝ የኛ ልጅ አለ። ታጁራን አልፎ ወደ ኦቦክ የሚወጣውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሌሊት ጀልባ ላይ የሚጭኑትን፣ የመን ሲደርስ አግተው ቤተሰቡን ገንዘብ የሚጠይቁትንም ታውቃላችሁ። የዛሬው ልጅ በገዛ ፈቃዱና በገዛ ገንዘቡ ነው የሚሄደው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን ሰውን እንደ ዕቃ ቆጥሮ በሚያሻግር እጅ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚደርስበት ነገር ከቀድሞው ብዙም አይርቅም። አገር ቤት ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ "ጅቡቲ ደርሻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው" ብሎ የደወለላችሁ ልጅ ካለ፣ እባካችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እዚህ የሚኖር ዘመድ ጠይቁ።

ተቃጠለች፣ ተነሳች

አሁን ወደ ደሴቶቹ ስም ልመለስ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የይፋቱ ሱልጣን ሰዓድ አድ-ዲን ከደጋው ንጉሠ ነገሥት ጦር ሲሸሽ ዘይላ ደረሰ። ከፊቷ ባለችው ደሴት ላይ ተገደለ። ደሴቶቹ በስሙ የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቹ ባሕሩን ተሻግረው የመን ገቡ፤ የየመን ንጉሥም ተቀበላቸው። ጥቂት ዓመታት በስደት ቆይተው ተመለሱና የአባታቸውን መንግሥት እንደገና አቆሙ። ታሪክ አዳል ብሎ የሚያውቀው እርሱን ነው። የአዳል ገዢዎች ከስደት የተመለሱ ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

በ1517 ፖርቱጋሎች በሎፖ ሶአሬስ መሪነት በመርከብ መጥተው ዘይላን አቃጠሏት። እንደገና ተሠራች። ብዙ ሳይቆይ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም፣ ደጋው "ግራኝ" የሚላቸው፣ ጠመንጃ ከባሕር ማዶ የሚያስመጡት በእርሷ በኩል ሆነ። በ1529 ከሽምብራ ኩሬ የጀመረው የዚያ ዘመን ጦርነት ደጋውንም ቆላውንም አደቀቀ። ቅፍለቱ ተቋረጠ፤ ሐረር ራሷን በግንብ አጠረች። ዘይላም ከባሕር ማዶ የምትታዘዝ ወደብ ሆነች፤ ለረጅም ጊዜ የየመኗ የሞካ ጥገኛ ነበረች።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ግን አልሞተችም። ከሐረር የሚወርደው ግመል ሌላ የተሻለ በር ስላልነበረው ተመልሶ ወደ እርሷ ይመጣ ነበር። ግመሉ ከመጣ ነጋዴው ይመጣል፤ ነጋዴው ከመጣ የተቃጠለው ቤት ይሠራል።

በ1854 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ሐረር ለመግባት አስቦ በዘይላ ሲያልፍ ከተማዋ አንሳ ነበር። ዐሥራ ሁለት ያህል ትላልቅ የድንጋይ ቤቶችና በዙሪያቸው በርካታ የሣር ጎጆዎች ቆጠረ። አስተዳዳሪዋ ሐጂ ሸርማርኬ የሚባሉ ሶማሌ ነጋዴ ነበሩ። በርተን ከጻፋቸው ነገሮች አንዱን ልንገራችሁ። በዚያ ባሕር ዳር እንግዳ ሰው ያለ "አባን" አይንቀሳቀስም። አባን ማለት የአገሩ ሰው ሆኖ ለእንግዳው ዋስ የሚሆን፣ የሚደራደርለት፣ ከተጠቃ ጥቃቱን የራሱ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነው። ለዚህም ድርሻውን ይቀበላል። በርተንም ከኢሳ ጎሳ አባን ይዞ ነው የተጓዘው።

አያችሁ? እንግዳ በዚህ ምድር ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ወረቀት፣ ማኅተምና የምዝገባ ቢሮ ከመምጣቱ በፊት እንግዳን የሚቀበል ሥርዓት ነበረ። እንግዳው ክፍያና አክብሮት ይሰጣል፤ ባለ አገሩ ደግሞ ጥበቃ ይሰጣል። ዛሬም በየካርቲየው ለቤት ኪራያችን ዋስ የሚቆሙልን፣ ስንታመም መኪና የሚጠሩልን የጅቡቲ ጎረቤቶቻችን የዚያ አባን ልጆች ናቸው።

መንገዱ ዞረ

በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ የቀይ ባሕር ዋጋ በአንድ ጊዜ ወጣ። በ1875 የቱርኩ ሱልጣን ዘይላን በየዓመቱ 15,000 ፓውንድ ተጨማሪ ግብር ሊከፈለው ለግብጹ ገዢ ለኸዲቭ እስማኤል ሰጠ። የግብጽ ጦርም በዚያው ዓመት ከዘይላ ተነስቶ ሐረርን ያዘ። ከዐሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግብጾች ለቀው ወጡ፤ ዘይላን እንግሊዞች ያዙ።

ፈረንሳዮች ደግሞ ከ1862 ጀምሮ ኦቦክን በስምምነት ገዝተው ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ግን አልሠሩባትም። በ1884 ከቻይና ጋር ሲዋጉ እንግሊዞች ኤደን ላይ ለፈረንሳይ የጦር መርከብ ድንጋይ ከሰል አንሰጥም አሉ። ያኔ የራሳቸው ጣቢያ እንደሚያስፈልጋቸው ገባቸው። ኦቦክ ግን ከሐረር መንገድ ርቃ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ናት። ከወዲህ በኩል መርከብ ከነፋስ ተጠልሎ የሚቆምበት የተሻለ ቦታ ነበረ፤ ራስ ጅቡቲ። በዘይላ በኩል ባሕሩ ጥልቀት ስለሌለው ትልቅ መርከብ ከሩቅ ቆሞ ዕቃው በጀልባ ይመላለሳል። የእንፋሎት መርከብ ዘመን ሲመጣ ይህ ትልቅ ጉድለት ሆነ።

በየካቲት 1888 እንግሊዝና ፈረንሳይ ድንበር ተካለሉ። ዘይላ ለእንግሊዝ፣ ጅቡቲ ለፈረንሳይ። ሎያዳ ላይ የምናየው ድንበር መነሻው ያ ስምምነት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወደቦች ጎን ለጎን ሆነው የአንዱን የሐረርን ንግድ ይጠብቁ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘይላ ገና ትመራ ነበር።

ጉዳዩን የቆረጠው አንድ ወረቀት ነው። በመጋቢት 1894 ዓፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ ሰጡ፤ መነሻው ጅቡቲ ሆነ። ሥራው በ1897 ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ትቶ ከግርጌው አዲስ ከተማ ቆረቆረ፤ ድሬዳዋ። በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ግመል ከዘይላ ሐረር ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ የሚፈጅበት ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለዘይላ ምን ቀረላት? ማንም አላቃጠላትም፤ ማንም አልከበባትም። ቅፍለቱ አንድ ቀን ቀነሰ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ በላይ ቀነሰ፣ በመጨረሻም ቀረ። ከዓረብም፣ ከፖርቱጋልም፣ ከደጋውም ጦር ተርፋ የኖረች ከተማ ሌላ ቦታ በተዘረጋ ሐዲድ ሞተች። በድንጋይ የተሠሩት ቤቶቿ በየዓመቱ እየፈረሱ ሄዱ። ሁለት ሚሕራብ ያለው ጥንታዊው መስጊዷ፣ መስጂድ አል-ቂብለተይን፣ ዛሬ ፍርስራሹ ብቻ ቆሟል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሶማሊያው ጦርነት ሲመጣ የተረፈውንም አወደመው፤ ነዋሪዎቿ ድንበሩን ተሻግረው ጅቡቲ ገቡ።

ሰዎቿስ የት ሄዱ?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

ከተማ ሲሞት ሰው አይሞትም። ሰው መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል። የዘይላ ነጋዴ ወደ ጅቡቲና ወደ ድሬዳዋ ዞረ። ከየመን ግንበኛና ነጋዴ መጣ፤ ከሶማሌውና ከአፋሩ ገጠር እረኛው ወደ ወደቡ ገባ፤ ግሪክና አርመን ሱቅ ከፈተ፤ ከደጋው ደግሞ የኛ ሰው በባቡሩ ወረደ። በ1888 እዚህ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ የምናየው ሁሉ የተሠራው ከሌላ ቦታ በመጡ ሰዎች ነው።

ከካርቲየ 1 ወጥታችሁ እስከ አደባባዩ ሂዱ። ነጩ የሐሙዲ መስጊድ በ1906 የተሠራው ሐጂ ሐሙዲ በሚባሉ የየመን ነጋዴ ነው። አደባባዩ ዛሬ የጅቡቲው የነጻነት ታጋይ የማሕሙድ ሐርቢ ስም አለው፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም "ሪምቦ" ይለዋል። ሪምቦ ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ ነው። የሚገርመው ነገር፣ ራምቦ በ1880 ወደ ሐረር የገባው በዘይላ በኩል ነው። በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ተሸክመውት ሲወጣም ያወጡት ወደ ዘይላ ነው። እርሱ በዘይላ የተመላለሰ ሰው ነው፤ ስሙ ግን የቀረው ጅቡቲ ላይ ነው። መንገዱ ስሙን እንኳ ይዞት ሄደ።

የኛንም ድርሻ አንርሳ። "ለገሃር" የሚለውን ቃል አዲስ አበባም ድሬዳዋም እንለዋለን፤ ከፈረንሳይኛ በዚህ ሐዲድ ላይ ተጭኖ የመጣ ቃል ነው። በዚያ መሥመር ሐዲድ ያነጠፈ፣ ፉርጎ የጫነ፣ ቲኬት የቆረጠ፣ ሻይ ያፈላ የኛ ሰው ብዙ ነው። በግንቦት 1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚህ ባቡር ጅቡቲ ደርሰው በእንግሊዝ መርከብ ወደ ስደት ወጥተዋል። ዘውድ የጫነውም፣ ጫማ የሌለውም በዚህች ከተማ ስደተኛ ሆኖ አልፏል። በ2015 ደግሞ ጦርነቱ ከማዶ ሲነሳ የመኖች ባሕሩን ወደዚህ ተሻግረው ኦቦክ አጠገብ ማርካዚ መጠለያ ገቡ። የሰዓድ አድ-ዲን ልጆች የተሻገሩት ባሕር ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተቀየረ።

ስለዚህ "ከተማዋ የሌላ ሰው ናት" ለሚለው ወጣት መልሴ ይህ ነው። ጅቡቲ ባለቤት አላት፤ ሕግና መንግሥትም አላት፤ እርሱን ማክበር ግዴታችን ነው። ነገር ግን ከተማዋ የተሠራችው በመጤ እጅ መሆኑን ከተማዋ ራሷ ታውቃለች። እዚህ መጥቶ መሥራት፣ መማርና ልጅ ማሳደግ ከልክ ማለፍ አይደለም። የዚህች ከተማ ልማዷ ነው።

አሰብን አስታውሱ

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው ለሁላችንም ነው። መንገድ አንዴ ከዞረ ድጋሚ አይዞርም ብሎ የሚያስብ ሰው አሰብን ይመልከት። እስከ 1998 ድረስ የኢትዮጵያ ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ በአንድ ጊዜ ቆመ። ንግዱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የአሰብ ክሬኖች ዝም አሉ። በአሰብ ወደብ ሲሠሩ ኖረው ኑሯቸው በአንድ ሳምንት የተበተነባቸው ሰዎች እዚሁ መሐላችን አሉ። ጅቡቲ በበኩሏ አደገች፤ ዶራሌ ተሠራ፤ ከ2018 ጀምሮም አዲሱ ባቡር ከናጋድ እየተነሳ ይመላለሳል።

አዱሊስ፣ ዘይላ፣ አሰብ። ሦስቱም መንገድ ይዟቸው ሄደ። ከሦስቱም የተረፈው ግን አንድ ነገር ነው፤ በሰው እጅና በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው። የዘይላ ግንበኛ ሙያውን ይዞ ጅቡቲን ገነባ። የዘይላ ነጋዴ ሒሳቡንና ቋንቋውን ይዞ ድሬዳዋ ሱቅ ከፈተ። ዘይለዒው ሊቅ እውቀቱን ይዞ ካይሮ ላይ መምህር ሆነ። ቤቱን፣ ዕቃውንና ጀልባውን ብቻ የያዘው ከፍርስራሹ ጋር ቀረ።

እኛም እዚህ ለሁለት ዓመት እንቆይ ለሃያ፣ ወደ አገራችን እንመለስ ወደ ሌላ እንሻገር፣ ይህ አይለወጥም። ልጆቻችሁን አስተምሩ። ፈረንሳይኛውንም፣ ሶማልኛውንም፣ አፋርኛውንም ልጆቻችሁ ይያዙት፤ ከአማርኛው ጋር አይጣላም። የስደተኛ ወረቀታችሁ ቀኑ ሳያልፍ አሳድሱ። ሙያ ያላችሁ ሙያችሁን ለአንድ ሰው አስተምሩ። የመኪና ጥገና የሚያውቅ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወንድም ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ልጅ አጠገቡ ቢያስቀምጥ ምንም አይጎድልበትም።

አንድ ልመናም አለኝ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ በምድር ባቡሩ፣ በወደቡ፣ በአሰብ፣ ወይም በዘይላ መንገድ በግመል የሠሩ ካላችሁ፣ የሰሙትንና የነገሯችሁን በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ ጽሑፍ የማይሆንላችሁ በድምፅ ላኩ። እናንተ ካልፈቀዳችሁ ስም አላወጣም። ኢብን ባቱታ ያልጻፈውን የዓሣ አጣቢውንና የሸክም ሠራተኛውን ታሪክ እኛ ካልጻፍነው ማንም አይጽፈውም። ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እያለፉብን ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ለማይችል ሽማግሌ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ እርሱ የሚያርመው ወይም የሚጨምርበት ነገር ሳይኖር አይቀርም። ለዘመድ ወዳጅም አድርሱልኝ።